ምልክቱን የሚሰውር ኢንፌክሽን፤ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ኩላሊት ንቅለ ተከላ

ኩላሊቱ ሥራውን ላቆመ ሰው የሌላ ሰው ኩላሊት መትከል ዛሬ በብዙ አገሮች የታወቀ ሕክምና ሆኗል። ከእነዚህም ሕመምተኞች መካከል ብዙዎቹ ኩላሊታቸውን ያጡት በስኳር በሽታ ምክንያት ነው። አዲስ ኩላሊት በተተከለላቸው ጊዜ ግን የስኳር በሽታው አብሮ አይወጣም፤ ከአዲሱ ኩላሊት ጋር በአንድ ሰውነት ውስጥ መኖሩን ይቀጥላል። በዚህ ላይ ሰውነቱ ባዕዱን ኩላሊት እንዳይጥል የሚሰጡት መድኃኒቶች የመከላከያ ኃይሉን ያደክሙታል። በሽታው ከአንድ ወገን፤ መድኃኒቱ ከሌላ ወገን ያንኑ አንድ አጥር ሲያላሉት ተዋሲያን የሚገቡበት ቀዳዳ ይሰፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አደጋ እንዴትና መቼ እንደሚመጣ ማስረዳት ነው። ከሁሉ ይበልጥ ልናሳየው የምንፈልገው ግን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በእነዚህ ሰዎች ላይ ኢንፌክሽን የሚያስፈራው በቀላሉ ስለሚይዛቸው ብቻ ሳይሆን ከያዛቸውም በኋላ የተለመደውን ምልክት ስለማያሳይ መሆኑን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፤ ዓ. ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. ንቅለ ተከላው ያስነሣው ጥያቄ

በታኅሣሥ ወር 1954 ዶክተር ጆሴፍ መሬይና ባልደረቦቹ በቦስተን ከተማ በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል የአንድን ሰው ኩላሊት አውጥተው ለመንትያ ወንድሙ ተከሉለት። ኩላሊቱ ሠራ፤ የተቀበለውም ሰው ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ። ዶክተር መሬይም በ1990 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ነገር ግን ሁለቱ ወንድማማቾች ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለ ነበሩ የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አልቈጠረውም። ስለዚህም የመከላከያ ኃይሉን ማድከም አላስፈለገም ነበር።

እንዲህ ያለ መንትያ የሌለው ሰው ግን ይህን ዕድል አያገኝም። ነጭ የደም ሕዋሳቱ አዲሱን ኩላሊት ከሰውነቱ ያልተወለደ መሆኑን ዐውቀው ይዘምቱበታል። ይህን ለመከልከል በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ አዛታዮፕሪንና ፕሬድኒዞሎን የተባሉት መድኃኒቶች በአንድነት ይሰጡ ጀመር። ቀጥሎም ከኖርዌይ አፈር ከተገኘ ፈንገስ የተሠራው ሳይክሎስፖሪን በ1983 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። በ1984 ደግሞ በጃፓን አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ታክሮሊመስ ተገኘ። በዛሬው ጊዜ ብዙዎቹ ሕመምተኞች የሚወስዱት ታክሮሊመስን፣ ማይኮፌኖሌትንና ፕሬድኒዞሎንን አጣምረው ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊቱን በሚያጠቃው ኃይልና ተዋሲያንን በሚያጠቃው ኃይል መካከል ልዩነት አያደርጉም። ባዕዱን ኩላሊት የሚያውቁት ሕዋሳት ቫይረስንና ነቀርሳን የሚያውቁት እነዚያው ናቸውና፤ አንዱን ሳያደክሙ ሌላውን ማድከም አይቻልም። መጠኑ ሲያንስ ኩላሊቱ ይጠፋል፤ ሲበዛም ሕመምተኛው በኢንፌክሽን ይወድቃል። የንቅለ ተከላ ሐኪም ሥራ በእነዚህ በሁለቱ መካከል መንገድ መፈለግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለ. የስኳር በሽታ በመከላከያው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በላይ ሆኖ ሲቈይ አስቀድሞ የሚጎዱት ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን የሆኑት ፈጥኖ ደራሾቹ ናቸው። ወደ ቁስሉ የሚያደርጉት ግስጋሴ ይዘገያል፤ ተዋሲያንን የመዋጥና ከዋጡም በኋላ የመግደል ችሎታቸው ይቀንሳል። ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት በተለይ የሚያደክሙት ሊምፎሳይት የተባሉትን ሕዋሳት ስለ ሆነ፤ የስኳር በሽታው መድኃኒቶቹ የተዉትን ሌላውን የሠራዊት ክፍል ያደክማል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የሁለቱ መገናኘት ከእያንዳንዳቸው የከፋ ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳት በደም ሥሮች ላይ ነው። ደቃቅ የደም ሥሮች ሲጠብቡ ወደ እግርና ወደ ቀዶ ጥገናው ቁስል የሚደርሰው ደም ያንሳል። ደም ያነሰው ሥፍራ ደግሞ ኦክስጅንም፤ ነጭ ሕዋሳትም፤ በአፍ ወይም በመርፌ የተሰጠው መድኃኒትም በበቂ አይደርሱትም።

ሦስተኛው ጉዳት በነርቮች ላይ ነው። የእግር ነርቮች ሲሞቱ ሰውየው እሾህ ቢወጋው አይሰማውም። የሽንት ፊኛ ነርቮች ሲጎዱም ፊኛው ሙሉ በሙሉ ባዶ አይሆንም፤ የቀረውም ሽንት እንደ ቆመ ውሃ የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል።

ከዚህ ሌላ አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከንቅለ ተከላው በፊት የስኳር በሽታ ያልነበረበት ሰው ከንቅለ ተከላው በኋላ ሊይዘው ይችላል። ፕሬድኒዞሎን ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን መልስ ያዳክማል፤ ታክሮሊመስ ደግሞ ቆሽት ኢንሱሊን እንዳያመነጭ ያግዳል። ስለዚህ መድኃኒቱ ራሱ በሽታውን ይፈጥራል፤ የነበረበትንም ሰው ያብስበታል። ታክሮሊመስን ትቶ ወደ ሳይክሎስፖሪን መመለስ ስኳሩን ሊያሻሽል ይችላል፤ ነገር ግን ኩላሊቱን የመጠበቅ ኃይሉ ያነሰ ስለ ሆነ ትርፉ ያለ ኪሳራ አይገኝም።

የስኳርና የስቴሮይድ መገናኘት ምን ያህል እንደሚያስፈራ በ1921 ሳይሆን በዘመናችን፤ በ2021 በሕንድ አገር ታይቷል። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ስቴሮይድ ከተሰጣቸው ሰዎች መካከል፤ በተለይ የስኳር በሽታ ባለባቸው ላይ፤ ሙኮር የተባለ ፈንገስ ተነሥቶ ከአፍንጫ ወደ ዐይንና ወደ አንጎል ይዘልቅ ነበር። እስከ ሰኔ ወር መጨረሻ ድረስ የተመዘገቡት ሕመምተኞች ከ40,000 በላይ ነበሩ። ይህ ፈንገስ በአፈርና በሻገተ ምግብ ላይ ዘወትር ያለ፤ ጤነኛ ሰው ሳይታወቀው የሚተነፍሰው ነው። ከእነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ ኩላሊት የተተከለላቸው አልነበሩም፤ ነገር ግን በላያቸው የተገናኙት ሁለቱ ነገሮች፤ ማለት ከፍተኛ ስኳርና ስቴሮይድ፤ ኩላሊት በተተከለለት የስኳር ሕመምተኛ ላይ ዕለት በዕለት የሚገናኙት ናቸው።

ሐ. የጊዜው ቅደም ተከተል

ዶክተር ሮበርት ሩቢንና ዶክተር ጄይ ፊሽማን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ከንቅለ ተከላ በኋላ የሚመጡት ኢንፌክሽኖች በዘፈቀደ ሳይሆን በተራ የሚመጡ መሆናቸውን በጽሑፎቻቸው አስረድተዋል። ጊዜውን በሦስት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው ክፍል ከቀዶ ጥገናው እስከ አንድ ወር ያለው ነው። በዚህ ጊዜ የሚያስቸግሩት በማንኛውም ቀዶ ጥገና ላይ የሚታዩት ናቸው፤ የቁስል ማመርቀዝ፣ የሳንባ ምች፣ በሽንት ቱቦና በደም ሥር ውስጥ በገባ መርፌ በኩል የሚገቡ ባክቴሪያዎች። የስቴሮይዱ መጠን ከፍተኛ የሚሆነው በዚሁ ወር ስለ ሆነ ስኳሩም የሚያሻቅበው በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ኢንሱሊንን በጥንቃቄ መስጠትና ቱቦዎችን በማያስፈልጉበት ቀን ወዲያው ማውጣት እንደ አንቲባዮቲክ ያህል ይጠቅማል።

ሁለተኛው ክፍል ከአንድ እስከ ስድስት ወር ነው። የመድኃኒቶቹ ኃይል ተጠራቅሞ የመከላከያው ድካም ከፍ የሚልበት ጊዜ ይህ ነው። በዚህ ጊዜ በጤነኛ ሰው ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ ተዋሲያን ይነሣሉ። ከእነርሱም ዋናው ሳይቶሜጋሎቫይረስ የተባለው ነው። ኩላሊት ሰጪው ቫይረሱ ያለበት ተቀባዩ ግን የሌለበት እንደ ሆነ አደጋው ከሁሉ ይበልጣል፤ ቫይረሱ ከኩላሊቱ ጋር አብሮ ይገባልና። ሳንባን የሚያጠቃው ኒሞሲስቲስ የተባለው ፈንገስ፤ እንዲሁም በ1971 በለንደን ኩላሊት በተተከለለት ሰው ሽንት ውስጥ ተገኝቶ በዚያ ሕመምተኛ ስም ፊደላት ቢኬ የተባለው ቫይረስ የሚነሡት በአብዛኛው በዚህ ጊዜ ነው። ለመጀመሪያው ቫልጋንሲክሎቪር፤ ለሁለተኛው ኮትሪሞክሳዞል አስቀድሞ ለመከላከያ ይሰጣል። ለቢኬ ግን የተረጋገጠ መድኃኒት ስለሌለው ደምን እየመረመሩ ቫይረሱ በታየ ጊዜ የመድኃኒቶቹን መጠን መቀነስ ግድ ይሆናል።

ሦስተኛው ክፍል ከስድስት ወር በኋላ ያለው ዘመን ነው። ኩላሊቱ በደህና ከሠራና መድኃኒቱ ከቀነሰ ሕመምተኛውን የሚይዘው ጎረቤቱን የሚይዘው ነው፤ ጉንፋን፣ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን። ጎረቤቱን ሦስት ቀን የሚያስተኛው ግን እርሱን ሆስፒታል ያስገባዋል።

ይህ አቈጣጠር ሁለት ነገሮች ይለውጡታል። የመከላከያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሁለተኛው ክፍል የሚጠበቀው በሽታ መድኃኒቱን ባቆመ ጊዜ ሊመጣበት ይችላል። ደግሞም ሰውነቱ ኩላሊቱን መጣል ጀምሮ በከፍተኛ መጠን መድኃኒት እንደገና የታከመ ሰው፤ ንቅለ ተከላው ከተደረገ ዓመታት ቢያልፉም፤ እንደ አዲስ ተቀባይ ከመጀመሪያው ይቈጠራል።

መ. ምልክቱ ስለ ምን ይሰወራል

ጤነኛ ሰው በተዋሲያን ሲያዝ ሰውነቱ ይጮኻል። ይተኵሳል፤ ያብጣል፤ ይቀላል፤ ያማል። እነዚህን ምልክቶች የሚሠራው ተዋሲያኑ ብቻ ሳይሆን የመከላከያ ኃይሉ ራሱ ነው። እንግዲህ የመከላከያው ኃይል ሲደክም ምልክቱም አብሮ ይደክማል።

በእኛ ሕመምተኛ ላይ ሦስት ዐይነት ዝምታ ይገናኛል። የመጀመሪያው ከመድኃኒቱ የመጣ ነው፤ ፕሬድኒዞሎን ትኩሳትንና እብጠትን ያበርዳል። ሁለተኛው ከስኳሩ የመጣ ነው፤ ነርቩ የሞተ እግር ቁስሉን አይናገርም። ሦስተኛው ከቀዶ ጥገናው የመጣ ነው፤ ኩላሊቱ ከሰጪው ሰውነት ሲወጣ ነርቮቹ ስለ ተቆረጡ በውስጡ ባክቴሪያ ቢራባም በጤነኛ ሰው ወገብ ላይ የሚሰማው ሕመም ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ ሌላ ሰው ዋይ በሚልበት ቀን ይህ ሰው «ትንሽ ደከመኝ፤ ምግብ አስጠላኝ» ብቻ ይላል። ይህን ቃል በቸልታ የሚሰማ ሐኪም ወይም ቤተ ሰብ ሁለትና ሦስት ቀን ያጠፋል፤ በደም ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ አይሰጥም።

ነገር ግን ከምልክቶቹ ሁሉ መካከል ብዙ ጊዜ ዝም የማይል አንድ አለ። ሰውነት ኢንፌክሽን ሲገባበት የጭንቀት ሆርሞኖችን ስለሚያፈስ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ይላል። አመጋገቡን ሳይለውጥ፤ የስቴሮይዱም መጠን ሳይጨመር፤ ኢንሱሊኑንም ሳይተው ስኳሩ ያለ ምክንያት ያሻቀበበት ሰው በሰውነቱ ውስጥ የተደበቀ ነገር መኖር አለመኖሩን መመርመር አለበት። የጣት ደም መመርመሪያው መሣሪያ የስኳር መለኪያ ብቻ ሳይሆን የቤት ዘበኛ ነው።

ዘበኛው በትክክል እንዲያገለግል ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። ፕሬድኒዞሎን ጧት ሲወሰድ ስኳሩን ከፍ የሚያደርገው ከቀትር በኋላና ወደ ማታ ነው። ስለዚህ ጧት በባዶ ሆድ ብቻ የሚለካ ሰው ስኳሩ ደህና ሊመስለው ይችላል። ደግሞም የሦስት ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየው የሄሞግሎቢን ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ወራት አይታመንም፤ በደም ማነስ፣ በተሰጠ ደምና አዲሱ ኩላሊት በሚያስገኛቸው አዳዲስ ቀይ ሕዋሳት ምክንያት ውጤቱ ይዛባልና።

ሠ. ነገሩ በአገራችን

በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር በመስከረም 2008 ዓ. ም. ተጀመረ። ሥራው ሲጀመር ኩላሊት ሰጪዎቹ በሕይወት ያሉ ዘመዶች ነበሩ። ከዚህም በፊት በኋላም ወደ ውጭ አገር ሄደው ተተክሎላቸው የተመለሱ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሁሉ የሚኖሩት በአገራችን አየር፣ አፈርና ማዕድ መካከል ስለ ሆነ በአውሮፓ መጻሕፍት ጥቂት ቦታ የተሰጣቸውን አንዳንድ ነገሮች እዚህ ማንሣት ያስፈልጋል።

አንደኛው የሳንባ ነቀርሳ ነው። የስኳር በሽታ ብቻውን ነቀርሳ የመያዝን አደጋ ወደ ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል። የአካል ክፍል የተተከለለት ሰው አደጋ ደግሞ ከሌላው ሕዝብ ከ20 እስከ 74 እጥፍ እንደሚደርስ ተጽፏል። ሕክምናውም የራሱ ችግር አለው። ሪፋምፒሲን ጉበት ታክሮሊመስን ቶሎ እንዲያፈርስ ስለሚያደርግ፤ መጠኑ በብዙ ካልጨመረና በደም ምርመራ ካልተጠበቀ ነቀርሳው ሲድን ኩላሊቱ ይጠፋል። ለመከላከያ የሚሰጠው አይሶናያዚድም ነርቭን ሊጎዳ ስለሚችል ነርቩ በስኳር ለተነካ ሰው ከቫይታሚን ቢ 6 ጋር እንጂ ለብቻው መሰጠት የለበትም።

ሁለተኛው ስትሮንጊሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል ነው። በባዶ እግር በኩል ከአፈር ይገባል፤ በሰውነት ውስጥም እየተራባ ለብዙ ዓመታት ያለ ምልክት ሊኖር ይችላል። ስቴሮይድ ሲሰጥ ግን ትሉ ከመጠን በላይ ይራባና ከአንጀት ወጥቶ ወደ ሳንባና ወደ ሌላው አካል ይዘምታል፤ የአንጀትንም ባክቴሪያ ወደ ደም ይዞ ይገባል። ይህ የሚገድል ነገር ነው። አስቀድሞ ተመርምሮ በአይቨርሜክቲን መታከም ግን ይቻላል።

ሦስተኛው ማዕዳችን ነው። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ የተደረገ ክትፎ ለጤነኛ ሰው የኮሶ ትል ቢያተርፍለት ለዚህ ሕመምተኛ ሳልሞኔላንና ቶክሶፕላዝማን ሊያመጣበት ይችላል። ያልተፈላ ወተትም ብሩሴላንና የከብት ነቀርሳን ያስተላልፋል። በድግስ ላይ «ቅመስልኝ» ሲባል እንቢ ማለት ከባድ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ጥንቃቄው የሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን የአስተናጋጁም መሆን አለበት።

አራተኛው መድኃኒትን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ መውሰድ ነው። ክላሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል ታክሮሊመስን በደም ውስጥ ያበዙታል፤ ኩላሊቱንም ራሱን ሊመርዙት ይችላሉ። ሕመምተኛው ለማንኛውም መድኃኒት ሻጭ ኩላሊት የተተከለለት መሆኑን መናገር አለበት። ደግሞም ኢንፌክሽን ያዘኝ ብሎ ፕሬድኒዞሎንን በገዛ እጁ በድንገት ማቆም የለበትም። ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን መሥራት ስለ ተወ ደሙ ግፊት አጥቶ ሊወድቅ ይችላልና።

ረ. ስለ መከላከል

በተረፈ ዋናው ሥራ የሚሠራው ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው። የነቀርሳና የትል ምርመራ፣ የጥርስና የእግር ምርመራ፣ እንዲሁም የጉበት ቫይረስ ቢ፣ የሳንባ ምችና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በዚያን ጊዜ መፈጸም አለባቸው። እንደ ኩፍኝና እንደ ቢጫ ወባ ያሉት ሕያው ክትባቶች ከንቅለ ተከላው በኋላ ስለማይሰጡ፤ የሚያስፈልጉ ከሆነ አስቀድመው መሰጠት ይኖርባቸዋል። ሰጪው ዘመድ የሕመምተኛው ወንድም ወይም እኅት እንደ ሆነ እርሱም ለስኳር በሽታ የተጋለጠ ሊሆን ስለሚችል የእርሱም ስኳር በጥንቃቄ ይመረመራል።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደግሞ የዕለቱ ሥራ ጥቂትና ቀላል ነው። ስኳርን ከቀትር በኋላም መለካት፤ በየማታው እግርን እስከ ጣቶቹ መካከል መመልከት፤ በባዶ እግር አለመሄድ፤ የደነዘዘ እግርን እሳት ዳር አለማሞቅ፤ እጅን መታጠብ፤ በቤት ውስጥ ቴርሞሜትር መያዝ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ባይደርስም እንኳ ድካም፣ የምግብ መጥላት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የስኳር ማሻቀብ ከታየ በዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው አባባላችን ለማንም ይልቅ ለዚህ ሰው የተነገረ ይመስላል።

ኢንፌክሽኑ ከባድ በሆነ ጊዜ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ማይኮፌኖሌትን ቀንሰው ወይም አቁመው ሕይወትን ለማዳን ይጥራሉ፤ በዚህም ኩላሊቱን ለአደጋ ያጋልጡታል። ኩላሊቱ ቢጠፋ ሕመምተኛው ወደ ዲያሊሲስ ይመለሳል። ኩላሊቱን የሰጠው ወንድም ወይም እኅት ግን የሰጠውን መልሶ አያገኝም፤ በቀረው በአንዱ ኩላሊት ይኖራል። በአንድ የእግር ቁስል ወይም ባልተመረመረ የአንጀት ትል ምክንያት የሚጠፋው እንግዲህ የአንድ ሰው ጤና ብቻ አይደለም። የሕክምና ተማሪዎችም ሆንን የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች፤ እንዲህ ያለ ዘመድ ወይም ጎረቤት ቢኖረን «ትንሽ ደከመኝ» ያለውን ቃል እንደ ትልቅ ትኩሳት ቈጥረን ወደ ሐኪም ልናደርሰው ይገባናል።